በማማ ላይ የተቆጠረ ዒዳ

ኢንሳፍ ከንጋት ጀምራ ማማው ላይ ናት። ማማው ከውጫሌ በታች፣ በአባቷ ማሽላ መካከል፣ በአራት እንጨት ላይ የተረበረበ ነው። ወፍ ሲሰፍር በወንጭፍ ትወረውራለች፤ ካልሰፈረ ዝም ብላ ትቀመጣለች። ወፍ መጠበቅ የልጆች ሥራ ነው፤ ሠላሳ ሦስት ዓመት የሞላት ሴት አትላክበትም። እሷ ግን ለምና ወሰደችው። ማማ ላይ ያለችን ሴት ማንም መጥቶ ስንት ወለድሽ አይላትም።

ዘጠኝ ዓመት የኡበይድ ሚስት ነበረች። ኡበይድ ሐይቅ ከተማ ዳር የሚኖር ዓሣ አስጋሪ ነው። በዘጠኙ ዓመት ልጅ አልመጣም። ሰው መጀመሪያ ጠየቀ፤ ቀጥሎ መከረ፤ በመጨረሻ ዝም አለ። ዝምታው ከጥያቄው ከፋባት። ሰርግ ቤት እቅፏ ውስጥ ሕፃን ያስቀምጡ የነበሩ ሴቶች ከፊቷ እያሳለፉ ለሌላዋ መስጠት ጀመሩ። የሚያሳልፏት አዝነውላት ነው። ይህን ታውቃለች። ስለዚህ መቀየም እንኳ አልቻለችም።

አማቷ ዑምኩልሱም የመድኃኒት ሥር እየቀቀሉ ያጠጧት ነበር። መራራ ነው፤ ግማሹን ያስመልሳታል። ሰኔ ላይ ደግሞ ከአርዲቦ በኩል አንዲት ልጅ እንደተገኘች እሷ ባለችበት ለልጃቸው ነገሩት። ሁለተኛ ሚስት ትሁንህ አሉት። ክፉ ሴት አይደሉም። ያላቸው አንድ ልጅ እሱ ነው፤ ዘሩ ሳይቀጥል መሞት ፈሩ።

በማግስቱ ኢንሳፍ ልብሷን በአንድ ሻንጣ ከተተች። በሩ ላይ ቆመችና የወሰነችውን ነገረችው።

"አግባ። አልቀየምህም። እኔን ልቀቀኝ።"

ኡበይድ መረብ ይጠግን ነበር። ቀና ብሎ አያት። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ቃል ግን አልወጣውም። ተመልሶ አንገቱን መረቡ ላይ ደፋ።

እሺታ ነው ብላ ወሰደችው። እስከ መናኸሪያው ወደ ኋላዋ አልዞረችም። ቢከተላት ኮቴውን ትሰማው ነበር። ጆሮዋ ሌላ ሥራ አልነበረውም።

በአገሩ ልማድ ሚስት ወደ አባቷ ቤት ስትገባ ባል ሽማግሌ ይልካል። ልቀቀኝ ያለች ራሷ ናት፤ ቢሆንም ጠበቀች። ውሻ በጮኸ ቁጥር ወደ በሩ አየች። ስልኳን አጥፍታ ሣጥን ውስጥ ከታዋለች። የጠፋ ስልክ አለመደወሉ አይታወቅም። ያ ብቻ ትንሽ ያሳርፋት ነበር።

* * *

ሐምሌ ላይ ሽማግሌ ሳይሆን ወረቀት መጣ።

ያመጣው አንዳርጋቸው ነው። ከሐይቅ ውጫሌ ሚኒባስ የሚነዳ፣ የኡበይድ የልጅነት ባልንጀራ። ሞተሩን ሳያጠፋ በመስኮት አቀበላት። ኡበይድ ነው የላከው፣ አንብቢው ብሏል አላት። ሌላም የሚለው ያለ መሰለ፤ ከኋላው ያለ መኪና ጡሩምባ ነፋበትና ሄደ።

ፖስታው ቡኒ ነው። ጀርባው ላይ ክብ ማኅተም አለበት። እንዲህ ያለ ፖስታ ከዚህ በፊት አይታለች። የጎረቤታቸው ልጅ የፍች ወረቀቷ የመጣላት በዚሁ ዓይነት ፖስታ ነበር። በሰፈራቸው መታረቅ የፈለገ ባል ሰው ይልካል፤ ወረቀት የላከ ባል ነገሩን ጨርሷል ማለት ነው። ፈትቻታለሁ የሚለውን በእሱ እጅ ተጽፎ ማየት አልቻለችም። አልከፈተችውም። ለአባቷ ለአሕመዲን ወረቀቴን ላከልኝ ብቻ አለቻቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። እሳቸውም እንድታሳያቸው አልጠየቁም።

ከዚያን ቀን ጀምራ ዒዳዋን መቁጠር ያዘች። የተፈታች ሴት ሌላ ከማግባቷ በፊት ሦስት የወር አበባ ትጠብቃለች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያ ደም በመጣ ቁጥር ጓዳ ገብታ ታለቅስ ነበር። አንዳንድ ወር ሁለት ቀን ይዘገያል። በሁለቱ ቀን ውስጥ ስም ታወጣለች፤ ማንን እንደሚመስል ታስባለች። ከዚያ ይመጣል። አሁን ያንኑ ደም እንደ ቀጠሮ ትጠብቀው ጀመር። አንድ አለች። ሁለት አለች። ይህ ሰውነቴ ከሰው መለያየት እንጂ ሌላ አይችልም ብላ አሰበች።

ማክሰኞ ማክሰኞ አንዳርጋቸው በዚያ መንገድ ያልፋል። ማሽላው ጥግ ሲደርስ ፍጥነቱን ይቀንሳል። አንዳንዴም የሚወርድ የሚሳፈር ሳይኖር ጥቂት ቆሞ ወደ እሷ ያያል። የተፈታች ሴት ሊያይ ነው እያለች ፊቷን በሻሿ ትሸፍናለች። ሲሄድ አቧራው እስኪረጋ ድረስ ትቆያለች።

መስከረም መጨረሻ ላይ የወንድሟ ሚስት ሒክማ ወሯ ገባ። ዱበርቲዎች ተሰበሰቡላት። እርጉዟን የሚመርቁ የሰፈሩ ሴቶች ናቸው፤ ክርስቲያን ጎረቤቶችም ሳይቀሩ ይመጣሉ። ይበላል፣ ዱዓ ይደረጋል፣ ከዚያ እያንዳንዷ በተራዋ ትመርቃለች። ኢንሳፍ አስታጠበች፤ አቀረበች። ተራው እየተጠጋ ሲመጣ ባዶውን ጀሪካን አንሥታ ወጣች።

"አንቺ ልጅ፣ ሳትመርቂልን የት ትሄጃለሽ?" አሏት ተሾመች የሚባሉ አሮጊት ጎረቤት። "ውሃውስ ይደርሳል፤ የትም አይሸሽ።"

ሴቶቹ ሳቁ። እሷ እንዳልሰማች ሆነች። ማንም ውጪ አላላትም። አፏ ሕፃኑን የሚጎዳው መስሏት ራሷ ራሷን አስወጣች። ማማው ላይ ሆና አሚን ሲሉ ሰማቻቸው። ከንፈሯን አንቀሳቀሰች፤ ድምፅ ግን አላወጣችም።

* * *

ሦስተኛው የወር አበባ ጥቅምት ላይ መጥቶ ዒዳዋ ሞላ። በሳምንቱ ኑርዬ አባቷን ጠየቀ። የውጫሌ እህል ነጋዴ ነው። ሚስቱ ሞታ አራት ልጆች ያሳድጋል። እሷንም ራሷን ሊያናግራት መጣ። ማማው ሥር ቆመ፤ ኮፍያውን አወለቀ።

"ልጅ አልጠይቅሽም" አለ። "ያሉት ይበቁኛል። አንቺም ትከበሪያለሽ።"

በደግነት ነው ያለው። ያሳመማት ደግነቱ ነው። ሌላ ሰው የማይፈልጋት ስለሆነች እሱ አዝኖ የሚወስዳት መሰላት። የሚገባኝም ይኸው ነው ብላ አሰበች። ወንጭፏን እጇ ላይ እየጠመጠመች እሺ አለችው። ሲሄድ ማሽላው ላይ ወፍ ሰፍሮ ነበር። አላባረረችውም።

ኒካሑን የሚያስሩት ሸህ ኑርሁሴን ማክሰኞ ጧት መጡ። አሕመዲንና ኑርዬ ከጎናቸው ተቀመጡ። ሸሁ መነጽራቸውን ጠርገው ከሁሉ በፊት የጠየቁት የፍቹን ወረቀት ነው። ኢንሳፍ ከሣጥኗ አውጥታ በሁለት እጇ ሰጠቻቸው።

አገላበጡት። "አልተከፈተም እኮ።"

"ምን እንዳለበት አውቀዋለሁ" አለች።

ማኅተሙን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት። ከዚያ ጫፉን ቀደዱት። ሁለት ወረቀት ወጣ፤ አንዱ በማሽን የተጻፈ፣ ሌላው የእጅ ጽሑፍ። የእጁን ጽሑፍ ጥቂት መስመር እንዳነበቡ አቆሙ። አጥፈው መለሱላት።

"ይኽን እኔ ማንበብ የለብኝም፤ ያንቺ ነው። ፍች አይደለም። ማኅተሙ የሐኪም ቤት ነው።" መነጽራቸውን አወለቁ። "የቆጠርሽውም ዒዳ አይደለም ልጄ። ዛሬም የኡበይድ ሚስት ነሽ።"

ኑርዬ መሬት መሬት አየ። አባቷ በዝግታ ያረቢ አሉ። ኢንሳፍ ወረቀቶቹን ይዛ ወደ ማማው ወጣች። ብቻዋን የምትሆንበት ሌላ ቦታ አልነበራትም።

* * *

የኡበይድ ጽሑፍ ጎርበጥባጣ ነው። ትምህርት ያቆመው ከስድስተኛ ክፍል ነው። እንዲህ ይላል፦

"ለኢንሳፍ። ደህና ነሽ ወይ። ጥር ላይ የመረብ ክር ልገዛ ደሴ እሄዳለሁ ያልሁሽ ቀን ክር አልገዛሁም። ተመረመርሁ። ሁለት ጊዜ አዩኝ። ዘር የለህም አሉኝ። ወረቀቱ ይኸው። አንቺን ያየችሽ ሐኪም ያን ጊዜ ምንም የለብሽም ብላሽ ነበር። ልታጽናናኝ ነው እያልሽ አላመንሽም። እውነቷን ነበር። ባልሽም ይምጣ ስትል እምቢ ያልሁ እኔ ነኝ።

"ከጥር እስከ ሰኔ አውቄ ዝም አልሁ። እማዬ ሥሩን ስትሰጥሽ አጠገብሽ ነበርሁ። ባዶውን ኩባያ እየተቀበልሁሽ አጥብ ነበር። ልሂድ ስትይ ልናገር ፈለግሁ፤ አልወጣልኝም።

"ሽማግሌ አልልክም። ሽማግሌ ተመለሽ ሊልሽ ነው፤ እኔ ተመለሽ ለማለት ፊት የለኝም። ወረቀቱን ለአባትሽ አሳዪ። ለፈለግሽው አሳዪ። ስምሽን መልሽ። ልቀቀኝ የምትይ ከሆነ እለቅሻለሁ፤ ግን አሁን አውቀሽ በይኝ። ማክሰኞ ማክሰኞ አንዳርጋቸው በደጅሽ ያልፋል። መልስ ካለሽ ለሱ ስጭው። እኔ እጠብቃለሁ። ኡበይድ።"

ሁለት ጊዜ አነበበችው። ደስ አላላትም። ለቅሶም አልመጣም። ሁለት እጆቿን ዘርግታ አየቻቸው። ሕፃን የተነፈጋቸው እጆች ናቸው። ምንም አልነበረባቸውም። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ምንም አልነበረባቸውም።

ቆይቶ ኑርዬ ማማው ሥር መጣ። አባቷ ከኋላው ቆሙ። የተጻፈውን ከላይ ሆና ነገረቻቸው። ኑርዬ፣ ኡበይድ ቢለቅሽ እኔ በቃሌ ነኝ አላት። አሁንማ የራስሽንም ትወልጃለሽ አለ፤ ይህን ሲል ድምፁ ለስለስ አለ። አባቷም ገና ነሽ፣ ሰውየው ራሱ እለቃታለሁ ካለ ምን ያስጨንቅሻል አሉ። የሁለቱም ቃል እውነት ነበር። ትወልጃለሽ የሚለውን ስትሰማ የማማውን እንጨት ተደገፈች። ይህን ቃል ከሰው አፍ ከሰማች ስንት ዓመቷ ነው።

"አውቀሽ በይኝ ብሏል" አለች። "ሄጄ እነግረዋለሁ።"

ምን ብላ እንደምትነግረው አልጠየቋትም። እሷም ገና አላወቀችውም። መንገዱ ላይ የአንዳርጋቸው ሚኒባስ ፍጥነቱን ሲቀንስ ሰማች። ወረደች። ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቷን ሳትሸፍን እጇን አነሣች።

* * *

ከሾፌሩ ጎን ተቀመጠች። መኪናው ተነሣ። ከዚያ አንዳርጋቸው ዓይኑን ከመንገዱ ሳያነሣ ነገራት። ኡበይድ በየማክሰኞው መናኸሪያው ጥግ ይጠብቀዋል። መልስ አለ ወይ ይለዋል። የለም ይለዋል። እሺ ብሎ ይመለሳል። አንድ ማክሰኞ ዝናቡ ሲወርድ ዕቃ የሌለው ተሸካሚ መስሎ እዚያው ቆሞ አገኘው።

"ለምን አልጠየቅኸኝም?"

"እሷ ካልጀመረች አትናገራት ብሎኛል። አንቺ ደግሞ ሳይሽ ትሸፈኛለሽ። እኔ በመካከላችሁ ነዳጅ ፈጀሁ።"

ሊያስቃት ፈልጎ ነው። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች። አሥራ ሦስት ማክሰኞ እሷ ማማው ላይ፣ እሱ መናኸሪያው ላይ፤ አንድ መኪና በመካከላቸው ባዶውን ሲመላለስ።

ኡበይድ እዚያው ጥግ ቆሟል። ከስቷል። መጀመሪያ ያየው ባልንጀራውን ነው። አንዳርጋቸው መልስ አልሰጠውም፤ በአገጩ ወደ ጎኑ አመለከተው። ኡበይድ ኢንሳፍን ሲያይ እጁ ወደ ፊቱ ተነሣና መካከል ላይ ቀረ።

ወደ ውሃው ወረዱ። ሁለት እርምጃ ተራርቀው ነው የሄዱት። ሐይቁ ረግቷል፤ ማዶ የእስጢፋኖስ ገዳም ዛፎች ጠቁረው ይታያሉ። ታንኳው አጠገብ ሲደርሱ ፖስታው ገና ዛሬ ጧት እንደተከፈተ ነገረችው። ፍች መስሎኝ ነበር አለች። እሱም አንብባ ዝም ያለችው መስሎት እንደነበር ተናገረ። ዝምታዋን ፍርድ ነው ብሎ ተቀብሎታል።

"አምስት ወር እያወቅህ" አለች። "ሳስመልስ ጀርባዬን ትይዘኝ ነበር። ያን እጅህን ነው መርሳት ያቃተኝ። ለኔ የሚያዝን እጅ መስሎኝ ነበር።"

"ማዘኑንስ አዝኛለሁ።"

"ታዲያ ለምን?"

ኡበይድ የታንኳውን ጠርዝ ያዘ።

"መስጊድ በር ላይ ሰው ሶብር አድርግ፣ ቻለው ይለኛል። ሚስቱ አትወልድለትም እያሉ ያዝኑልኛል። ያ ሐዘን ያንቺ ነበር፤ እኔ ወሰድሁት። እውነቱን ባወጣው ወንድ አይደለም ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። ካንቺ ጀርባ ተደበቅሁ፤ ኢንሳፍ። አፉ በይኝ።"

አየችው። ዘጠኝ ዓመት የምታውቀው ፊት ነው። እንዲህ ባዶ ሆኖ አይታው አታውቅም።

"አፉ የምልህ እዚህ አይደለም" አለች። "እናትህ ፊት ነው። ከራስህ አፍ ይስሙት።"

* * *

ዑምኩልሱም ደጃፉ ላይ ሰፌድ ይዘው ምስር ይለቅማሉ። ኢንሳፍን ሲያዩ ሊነሡ ቃጡ፤ አባትሽ ደህና ናቸው አሉ። ኡበይድ አልተቀመጠም። ከአጥሩ ወዲያ የጎረቤት ሴቶች ድምፅ ይሰማል። ድምፁን ዝቅ አላደረገም።

"እማዬ፣ የማልወልደው እኔ ነኝ። እሷ ምንም የለባትም። ከጥር ጀምሮ አውቀዋለሁ።"

ከአጥሩ ወዲያ ወሬው ቆመ። የዑምኩልሱም ጣት ምስሩ ላይ ቀረ።

"ያ ሁሉ ሥርስ?"

"ያለ ጥፋቷ ነው የጠጣችው።"

አሮጊቷ ልጃቸውን አዩ፤ ከዚያ ምራታቸውን። ሰፌዱን በቀስታ አስቀምጠው ተነሡ። በኢንሳፍ አጠገብ ሲያልፉ እጃቸው ወደ ትከሻዋ ተዘርግቶ ሳይደርስ ተመለሰ። ገብተው በሩን ከውስጥ ዘጉት።

ኡበይድ ደጃፉ መደብ ላይ ተቀመጠ። ትከሻው ወደ ውስጥ ገብቷል፤ እጆቹን ጉልበቶቹ መካከል ደብቋቸዋል። ኢንሳፍ ይህን አቀማመጥ ታውቀዋለች። ዘጠኝ ዓመት እዚሁ መደብ ላይ እንዲህ የተቀመጠች እሷ ናት። በሌላ ሰው ላይ ስታየው ልቧ ተሰነጠቀ።

"አሁን ተናገሪው" አለ መሬቱን እያየ። "ልቀቀኝ በይኝ። ትወልጃለሽ።"

"ልጅ እፈልጋለሁ" አለች። "ዛሬ ጧት ትወልጃለሽ ሲሉኝ ቆሜ መቆየት አቅቶኝ ነበር። ይህን አልደብቅህም።"

"አውቃለሁ።"

"ወደፊትም እፈልጋለሁ። አንዳንድ ቀን ፊቴ ላይ ታየዋለህ። ያን ቀን አንገትህን አትድፋብኝ። መረብህን ተውና እየኝ። ይህን ከቻልህ አፉ ብየሃለሁ።"

ኡበይድ ቀስ ብሎ ቀና አለ። ዓይኑ ሞልቷል። ግን አላጎነበሰም፤ አያት።

ከላይ ከመንገዱ ጡሩምባ ተሰማ። አንዳርጋቸው መኪናውን አቁሞ አንገቱን በመስኮት አውጥቷል። ወደ ውጫሌ የመጨረሻው ጉዞ ነው።

"መልስ አለ?" አለ።

ኢንሳፍ ወደ አጥሩ ሄደች።

"አለ" አለችው። "ለአባቴ አይጠብቁኝ በልልኝ። ለኑርዬ ደግ ሰው ነህ፣ አላህ የሚሻልህን ይስጥህ በልልኝ።" ጥቂት አሰበች። "ሒክማን ደግሞ የቀረብኝን ምርቃት ይዤ እመጣለሁ በላት።"

መኪናው ሄደ። ድምፁ እስኪጠፋ ቆመች። ከዚያ ተመልሳ መደቡ ላይ ተቀመጠች። በመካከላቸው ለአንድ ትንሽ ሰው የሚበቃ ቦታ ቀረ። ሁለቱም አዩት። ማንም ተጠግቶ አልሸፈነውም። ከቆይታ በኋላ ኡበይድ መዳፉን በዚያ ቦታ ላይ አሳረፈ። እሷም የራሷን አጠገቡ አኖረች። ብቸኝነቷ አልሄደም። ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ ሌላ ሰው ገብቶበት ነበር።